የቡሬ ወራሽ

ፎገራ ሜዳ ላይ ሰው የዘር ከብቱን ለገበያ ሊያወጣ ሲያመነታ ካዩ፣ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ዛሬ ሁሉም ይላታል፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው። አባባሏ ከመነገሯ በፊት አንጓች የምትባል ሴት የላም ጅራት ይዛ የሞላ ወንዝ ተሻግራለች።

አንጓችና ባሏ ቢያድግልኝ የሚኖሩት ከርብ ወንዝ ዳር፣ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ በሚተኛበት መንደር ነበር። የአገሩ ከብት ያንን ውሃ ከጥንት ለምዶታል። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ቀንዱ አጭር፣ ቀለሙ ጥቁርና ነጭ፣ ረግረግ ውስጥ እስከ ሆዱ ገብቶ ሳር የሚግጥ ከብት ነው። ሩዝ ከመጣ ወዲህ ግን ግጦሹ እየታረሰ አለቀ። ትልቅ ከብት ብዙ ይበላል፤ ስለዚህ ሰው አንድ በአንድ እየሸጠ ከደጋ በወረዱ ትንንሽ ከብቶች ተካው። የቀሩትም ላሞች ካገኙት ኮርማ እየወለዱ፣ ጥጃዎቹ በየዓመቱ እያነሱ፣ መልካቸውም እየጠፋ ሄደ። በመጨረሻ ዘሩ ያልተቀየጠ ኮርማ በመንደሩ አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም የእነ አንጓች ቡሬ ነበር።

ቢያድግልኝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ችኩል ነበር እንጂ። ሐምሌ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ሩዙን ዘርቶ ሲጨርስ እሱ ጥማድ አጥቶ ቁጭ አለ። አንጓች የታመመች እናቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ሰሞን፣ ሽባባው የሚባል የከብት ነጋዴ ሁለት የተገሩ የደጋ በሬዎች ነድቶ መጣና በቡሬ ልቀይርህ አለው። ቢያድግልኝ ሚስቱ እስክትመለስ እንኳ አልጠበቀም። አንጓች ስትደርስ የቡሬ ካስማ ባዶውን ቆሟል፤ ባሏ ደግሞ በአንድ ኮርማ ሁለት በሬ ማግኘቱን ደስ ብሎት ነገራት።

ነጋዴው ኮርማውን ለምን እንደፈለገው ጠየቀችው። ለመስቀል ቅርጫ መሆኑን ነገራት።

«ወለላስ ኮርማ ስትፈልግ ማንን ልትጠራላት ነው?» አለችው።

ወለላ የዚያው ዘር ላም ነበረች፤ ሚያዝያ ላይ ሴት ጥጃ ወልዳ ገና ኮርማ አልፈለገችም።

በሬዎቹ ሦስት ሳምንት ደህና አረሱ። ከዚያ ግን ውሃው አሸነፋቸው። ሸሆናቸው ረጥቦ ቆሰለ፣ አልቅት በአፍንጫቸው ገባ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንደኛው ማሳው ውስጥ ተኛ፤ ሰው ተሰብስቦ ቢያነሳውም አልቆመም፤ እዚያው ሞተ። ሁለተኛው ከስቶ ከቤቱ ጥግ አይወጣም። ቢያድግልኝ እህል ሲቀርብለት አንገቱን ደፍቶ መብላት ጀመረ። ሚስቱ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም፤ እሱን የከበደው ይኸው ነበር።

መስከረም አስራ አምስት ቀን ጠዋት ወለላ ስታገሳ ተሰማች። ሳር አልነካም ብላ ጊደሮቹ ላይ ትወጣለች፤ የመንደሩ ቅይጥ ኮርማዎችም ከአጥሩ ውጭ መሰብሰብ ጀምረዋል። አንጓች ወዲያው ገባት። ቡሬ የሚታረደው በማግስቱ፣ በመስቀል ዋዜማ፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የሽባባው ግቢ ነው፤ ላሟም ፍላጎቷ ከአንድ ቀን አያልፍም። ገመድ አንስታ ወለላን ከበረት አወጣቻት።

«ርብ ሞልቷል፤ ታንኳ እንኳ አልተሻገረም» አላት ቢያድግልኝ።

«ላሟ የተፈጠረችው ለዚህ ውሃ ነው። እኔ ጅራቷን እይዛለሁ።»

እኔ ልሂድ ብሎ ገመዱን ሊቀበላት ሞከረ፤ ወለላ ግን ከአንጓች በቀር ማንንም አታስጠጋም፤ ተራገጠችበት። እስከ ወንዙ ዳር ሸኛቸው። ላሟ ውሃውን ጥቂት አሽትታ ገባች፤ ውሃው ደረቷን፣ ከዚያ ጀርባዋን ሸፈነ፤ ጭንቅላቷ ብቻ ከላይ ቀረ። አንጓች ጅራቷን በሁለት እጇ ጨብጣ እግሯ መሬት ሲለቅ ዓይኗን ጨፈነች። ወንዙ ወደ ታች ይጎትታቸዋል፤ ላሟ ግን ሳትደነግጥ እያዘገመች ቀዘፈች። ማዶ ሲወጡ ቢያድግልኝ አሁንም በዳርቻው ቆሞ ነበር።

ሽባባው ግቢ የደረሰችው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። የቅርጫው ሰዎች ቡሬን ከበው መስባቱን ያደንቃሉ። የመጣችበትን ስትነግራቸው ሳቁ።

«ነገ ለሚታረድ ኮርማ ሚስት አመጣሽለት?» አላት ሽባባው።

«ሚስት አይደለም አያ ሽባባው። ወራሽ ነው የምፈልግለት።»

ሳቁ ጋብ አለ። ከቅርጫው ሰዎች አንዱ ኮርማው ከተንገላታ ሥጋው ይጠነክራል ብሎ ተቃወመ፤ ሽባባውም አመነታ። አንጓች ነጠላዋን እየጨመቀች ቆመች፤ ከቀሚሷ ገና ውሃ ይንጠባጠባል።

«ሥጋውን ነገ ትካፈሉታላችሁ፤ ይስማማችሁ» አለች። «እኔ የምለምናችሁ ከመደባችሁ የማይጎድል ነገር ነው።»

ሽባባው ወንዙን በምን እንደተሻገረች ጠየቃት። ነገረችው። ያን ሲሰማ ሄዶ ገመዱን ራሱ ፈታ።

ቡሬ ሁለት ወር ታስሮ ስለተቀለበ ከብዶ ነበር። አንድ ጊዜ ሞክሮ ወረደ፤ ሁለተኛም ሞክሮ ተንሸራተተ። አንጓች ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ቆመች። በሦስተኛው ሰዎቹ ሲያጉረመርሙ ሰማች፤ ስትዞር ወለላ ወገቧን አጉብጣ ቆማለች። ተጠቅታለች። አንጓች ወደ ቡሬ ሄዳ በልጅነቱ እንደምታደርገው ከቀንዶቹ መካከል አከከችው፤ እሱም ራሱን ዝቅ አደረገላት። ያን ዕለት የሽባባው ሚስት አሳደረቻት፤ ጠዋት ኮርማው ሳይጣል ላሟን ነድታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነበር። ላሟ ካልያዘች በሦስት ሳምንቷ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። ሃያኛው ቀን ላይ አንጓች ከበረቱ ደጅ አልተለየችም፤ ሃያ አንደኛው፣ ሃያ ሁለተኛው አለፈ፤ ወለላ ዝም ብላ ታመሰኳለች። ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ ወለደች። ቢያድግልኝ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጥጃውን ስቦ አወጣና አፍንጫውን ጠርጎ አገላብጦ አየው።

«ወንድ ነው» አለ።

አንጓች አጠገቡ ተቀመጠች። ልብሷ መበላሸቱ ትዝ አላላትም።

ወራሽ ብለው የሰየሙት ጥጃ በሦስት ዓመቱ አባቱን አከለ። አንድ ነጋዴ አራት በሬ አቀረበበት፤ ቢያድግልኝ ባለቤቱ እሷ ናት ብሎ ወደ አንጓች መራው፤ እሷም በጨዋ ቃል መለሰችው። ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ሰው የቀረችውን ላም እየነዳ መጣ። ሁለት ክረምት ሳያልፍ አስራ ሰባት ጥቁርና ነጭ ጥጆች በሜዳው ላይ ታዩ።

ያን ጊዜ መንደሩ ተሰብስቦ ከሜዳው የተወሰነውን ክፍል ለግጦሽ ትቶ ማንም እንዳያርሰው ተስማማ። አንድ ጎልማሳ ግን አልተዋጠለትም። «መሬት ከማጣታችን ሌላ፣ እነ አንጓች አራት በሬ እምቢ ብለው አንድ ኮርማ ይዘው ቀሩ፤ ምን አተረፉ?» ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው አያ ፈንታሁን በዘመነ ሩዝ የዚያኑ ዘር ከብት አስራ አንድ ሸጦ የጨረሰ ሽማግሌ ነበር። ውሃው ውስጥ እየቦረቁ የሚግጡትን ጥጆች ቆጠራቸውና፣ ወደ ጎልማሳው ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «ልጄ፣ ኮርማ ያተረፈ በረት አተረፈ» አለው።