ኪታብ ጠራዡ ሼህ እና ያልተከፈለበት ድረ ገጽ

የከተማዋን ስም ልተወው። በግንብ የታጠረች የቆየች ከተማ ናት። ከመስጂዱ ጀርባ ሼህ አብዱልበሲጥ የሚባሉ አዛውንት ኪታብ ይጠርዙ ነበር። ሥራ ሲቀበሉ ቀብድ ይወስዳሉ። ገጾቹን ሰፍተው ለባለቤቱ ያሳያሉ፤ ሽፋኑን የሚያለብሱት ግን ቀሪው ሲከፈል ነው። በዚህ የተቀየማቸው ሰው አላውቅም።

እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ አባቴ ሞቷል። ለሰው ድረ ገጽ እየሠራሁ እኖራለሁ። የተከራየኋት ክፍል ኮምፒውተሬን የምሰካበት መብራት ስላልነበራት ሼሁ ከሱቃቸው አንድ ጥግ ሰጡኝ። ኪራይ አልጠየቁኝም። ምሳ ሲቀርብላቸው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ ያደርጉታል።

ረሻድ የሚባል፣ በመስጂዱ አብሮን የሚሰግድ የጀመዓችን ሰው ለእንግዳ ማረፊያው ድረ ገጽ ፈለገ። ያገናኙን ሼሁ ናቸው። ቀብድ ልጠይቀው ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ከጎኔ የሚሰግድ ሰው ነው። ነውር ነው» አሉኝ በጆሮዬ።

እሺ አልኩ። ሠርቼ አስረከብኩ። መንገደኞች በድረ ገጹ ክፍል መያዝ ጀመሩ፤ ረሻድ ግን ስልኬን ማንሳት ተወ።

አከራዬ እስከ ጁምዓ ካልከፈልኩ ዕቃዬን ደጅ እንደሚያወጣ ነገረኝ። የድረ ገጹ የይለፍ ቃል አሁንም በእጄ ነበር።

«ዛሬ እዘጋዋለሁ» አልኳቸው ሼሁን።

መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ክፍል የያዙት መንገደኞች ደርሰው አልጋ ቢያጡ፣ ምን አጠፉ?»

«እኔስ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ለራሴ ሥራ ቀብድ እየወሰድኩ አንተን ከለከልኩህ። የእኔን ይሉኝታ ያንተ ላብ ከፈለው። አፉ በለኝ።»

እኒህ ሰው አፉ በለኝ ሲሉኝ ድረ ገጹን ሳልነካ ኮምፒውተሬን ከደንኩ።

ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ሼሁ እኔን አስከትለው ረሻድን ሰው ወደማይሰማበት ጠሩት።

«ሼኻችን፣ ልጁ እኮ ቁጭ ብሎ ነው የሠራው» አለ ረሻድ ሊስቅ እየሞከረ።

«እኔስ ቆሜ ነው የምጠርዘው?»

ረሻድ አቀረቀረ። «ያለኝን የማረፊያው ጣሪያ እድሳት ላይ ጨረስኩት። የለኝም ማለት አፈርኩ።»

«የለኝም ማለት አያሳፍርም። ልጁን ዝም ማለትህ ግን ዙልም ነው፤ በደል ነው።»

ውሉ በዚያው ቀን ተጻፈ። ረሻድ ቀስ በቀስ ሊከፍል፣ እኔም እስኪጨርስ አዲስ ሥራ ላልጨምርለት ተስማማን። ሁለት ምስክር ቆመ። ሼሁ ዋስ ሆነው ፈረሙ፤ ከዚያ አከራዬ ዘንድ ሄደው ጊዜ ለመኑልኝ። ዕቃዬ ደጅ አልወጣም። ረሻድም ከረመዳን በፊት ጨረሰ።

የመጨረሻውን የተቀበልኩ ቀን ሼሁ አንድ ኪታብ ሽፋን እያለበሱ ነበር። ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉኝ፦

«ሳላለብስ ሂሳቤን እጠይቃለሁ። ካለበስኩ በኋላ አልገነጥልም።»

ዛሬ ሼሁ ወደ አኼራ ሄደዋል። ያሠራቸው ሰው ክፍያ የካዳቸው ወጣቶች ወደ እኔ ይመጣሉ። ቀብድ ውሰዱ፣ ከጎናችሁ ከሚሰግደውም ቢሆን፤ ጻፉ፣ አስመስክሩ፤ ሥራውን እስኪከፈላችሁ ከእጃችሁ አታውጡ እላቸዋለሁ። ካስረከባችሁ በኋላ ግን በእጃችሁ የቀረው ቁልፍ፣ የይለፍ ቃልም ቢሆን፣ አማና ነው፤ አደራ ነው። የተቸገረውን ታገሡት፤ እያለው የከለከላችሁን በሽማግሌም በቃዲም ጠይቁት። ሐቅን መጠየቅ አንድ ነገር ነው፣ በእጅ ያለን አማና ማፍረስ ሌላ።

ይህን የምነግራቸው ምሳ ከበላን በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳህኑን ገፋ አደርግላቸዋለሁ።