የተዘለለችው መስመር

አንዲት ትርሲት የምትባል ሴት ነበረች። መጽሐፍ ልትጽፍ ዋና ከተማ ሄዳ አራት ዓመት ቆየች። ኑሮው አላስቀምጥ ሲላት የጀመረችውን ረቂቅ በሻንጣ ይዛ ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመለሰች፤ በኮረዳነቷ በሠራችበት ምግብ ቤትም እንደገና አስተናጋጅ ሆና ገባች። ጠዋት ትጽፋለች፣ ከረፋዱ ጀምሮ ታስተናግዳለች።

ከተማዋ ግን አልማረቻትም። “ደራሲዋ! ጥብሱ ስንተኛ ምዕራፍ ላይ ደረሰ?” ይላታል አንዱ። ሌላው ይንከተከታል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ጥብሱን ታቀርባለች። ከሁሉ የሚያንገበግባት የመምህር ዘርጋው ነገር ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ድርሰቷን ለተማሪው ሁሉ አንብበው “ይቺ ልጅ ትጽፋለች” ያሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ሽርጥ ለብሳ ሲያዩዋት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

አንድ ቀን መምህሩ ለብቻዋ ጠሯት። “የትምህርት ቤታችን አርባኛ ዓመት ሊከበር ነው፤ ንግግር አድርግ ብለውኛል። እስቲ አንድ ነገር ሞነጫጭሪልኝ” አሏት።

“ሞነጫጭሪ” የምትለዋ ቃል ብትጎረብጣትም ያስተማሯትን ሰው እምቢ ማለት ከበዳት። ሦስት ጠዋት ተቀምጣ ጻፈችላቸው።

በበዓሉ ቀን መምህሩ አነበቡት። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ የድሮ ተማሪዎች አለቀሱ። ድግሱን ያዘጋጀው እሷ የምትሠራበት ምግብ ቤት ስለነበር ትርሲት ከዳሱ ጀርባ ሳህን ትደረድር ነበር። “ረድታኛለች” የምትል አንዲት ቃል ጠበቀች። አልመጣችም።

ምሳ ሲቀርብ ወጥ ይዛ ወደ ክብር እንግዶቹ ሄደች። አንዲት እንግዳ መምህሩን፣ “ይቺን ልጅ ያውቋታል?” አለቻቸው።

“ተማሪዬ ነበረች” አሉ ጉርሻቸውን እየጠቀለሉ። “ጽሑፍ ጽሑፍ ስትል ቀረች። ያልተፈጠሩለትን ሲመኙ እንዲህ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ትሪ መሸከም።”

የትርሲት ፊት ጋለ። የወጡን ድስት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“ጋሼ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ዘለዋል” አለች።

“ምን አልሽ?”

“‘በተማሪው ውድቀት የሚስቅ መምህር፣ የሳቀው በገዛ ድካሙ ነው’ የሚለውን። ስጽፈው እርስዎን አላሰብኩም ነበር።”

መምህሩ ጉርሻውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። “ተቆጣሽ እንዴ ልጄ?” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

“አዎ፣ ተቆጥቻለሁ! ወጥ ማቅረብ አላሳፈረኝም። እኔ በጻፍኩት ተጨብጭቦልዎት፣ እኔ ያቀረብኩትን እየበሉ፣ መልሰው እኔን መናቅዎ ነው ያቃጠለኝ።”

ከዚያ ድስቱን አንስታ ለሁሉም ወጥ አወጣች፤ ለእሳቸውም ጭምር። ሥራዋ ነበርና።

መምህሩ ይቅርታ አልጠየቋትም። ከተማውም “አፏ አያርፍም” ብሎ አማት። መጽሐፏ ገና አላለቀም፤ ቁጣዋም አልበረደም። ጠዋት ጠዋት ግን ትጽፋለች።

ወገኖቼ፣ ወደ አገሩ የተመለሰ ሁሉ ተሸንፎ የተመለሰ አይደለም። ለእንጀራ የሚሠራው እጅና ለሕልም የሚሠራው እጅ አንድ ነው፤ በአንዱ እየተጠቀሙ በሌላው መሳለቅ ግፍ ነው። እርስዎስ፣ በማን ድካም ከብረው በማን ላይ ስቀዋል?