የትርንጎ እንጆሪ

— ተረት ላምጣላችሁ?
— አምጪልን!
— ከወንዝ ማዶ ላምጣ?
— ሩቅ ነው!
— ከንጉሥ ግቢ ላምጣ?
— አያስገቡሽም!
— እንግዲያው ከጓሮ ላምጣላችሁ?
— ከጓሮ አምጪልን!

በድሮ ጊዜ፣ ዛፍም፣ ዕቃም፣ እንስሳም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ይመኑ የሚባል ሸማኔ ነበር። ሚስቱ ትርንጎ ትባል ነበር። ከቤታቸው ጀርባ፣ ጓሮው መካከል፣ አንዲት የእንጆሪ ዛፍ ነበረቻቸው። በየአጥሩ ሥር እየተጎተተ እጅ የሚቧጭረው እሾሃም እንጆሪ እንዳይመስላችሁ። ይቺ እሾህ የላትም። ግንዷ የቆመ፣ ጥላዋ የሰፋ፣ ፍሬዋ ሲበስል ከቀይ ወደ ጥቁር የሚዞር፣ አፍ ውስጥ ሲገባ የሚቀልጥ ዛፍ ነበረች።

ፍሬው የሚበስልበት ወር ሲደርስ ያ ቤት ሰርግ ያለበት ይመስል ነበር። ትርንጎ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ሰፌድ ትከተላታለች፤ ድስት ይከተላታል፤ ጋን ጓዳ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። የጎረቤት ልጆች ከንፈራቸው እስኪጠቁር ይበላሉ። ይመኑ ብቻ ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አይነሣም። ጀርባውን ለጓሮው በር ሰጥቶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል።

«አንተ ሰውዬ፣ ናና ልቀም እንጂ!» ትለዋለች።

«እጄን ያበላሸዋል፤ ሸማው ነጭ ነው» ይላታል።

እሷም ትስቅና፣ የበሰለውን መርጣ በጣቷ ታጎርሰዋለች። እሱም ሳይዞር አፉን ይከፍታል።

አይ ጊዜ! ያ ጊዜ እንዲህ ነበረ። እንዲህ ሆኖ አለፈ።

በአንድ ክረምት ትርንጎ ታመመች። ተኛች፤ አልተነሣችም። ልቅሶው ተለቀሰ፣ ዳሱ ፈረሰ፣ ሰው ወደየቤቱ ገባ። ይመኑም የጓሮውን በር ዘግቶ ብቻውን ተቀመጠ። ሰፌድ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለች አቧራ ለበሰች። ድስት አፉን ደፍቶ ተኛ። ጋን ጨለማ ውስጥ ቀረ።

ግን ለእንጆሪዋ ማን ይንገራት? ወሯ ሲደርስ እንደ ልማዷ አፈራች። ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፈራች። ጠበቀች፤ ማንም አልመጣም። ፍሬው በሰለ፤ ማንም አልመጣም። ከልክ በላይ ሲበስል ረገፈ። መሬቱ ጠቆረ፣ ዝንብ ወረረው፣ የሰፈሩ ወፍ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ።

በዚያው ሰሞን ይመኑ ለአንዲት ሙሽራ የታዘዘ ኩታ ሠርቶ ጨረሰ። አጠበና በደጃፉ አጥር ላይ አሰጣው። ኩታው እንደ ወተት ነጭ ነበር። እንጆሪ በልታ የጠገበች አንዲት ዋኔ የምትባል ወፍ ግን ከቅርንጫፍ ተነሥታ በላዩ አለፈች፤ ስታልፍም ኩሷን ጣለችበት። ጓደኞቿም ተከትለው አለፉ፤ እነሱም ጣሉበት። ይመኑ ወጥቶ ቢያይ፣ የሙሽራዋ ኩታ በወይን ጠጅ ቀለም ተዥጎርጉሯል።

«ማነው እንዲህ ያደረገኝ?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አለች ዋኔ። «ምን ላድርግ፣ አያ ይመኑ? ፍሬው ሞልቷል፤ የሚለቅመው የለም። ሰው ቢኖር ኖሮ እኔም እፈራ ነበር።»

አጥሩ ሥር የታሰረች አንዲት ፍየል ነበረች። የእንጆሪዋን ቅጠል እያየች ምራቋን ስትውጥ ዓመታት አልፈዋል። ገመዷ አያደርሳትም፤ ቅርንጫፉ አይወርድላትም። አሁን ቀኗ የደረሰ መሰላት።

«ጥፋቱ የወፍ አይደለም» አለች። «ወፍን የጠራት ማን ነው? ዛፏ! ዝንቡን የጠራው ማን ነው? ዛፏ! ባየሃት ቁጥር ሟቿን እያስታወሰች ሆድህን የምትበላው ማን ናት? ቁረጣት፣ አያ ይመኑ! ቁረጣትና ይውጣልህ!»

የመጨረሻው ቃል ይመኑ ልብ ውስጥ ገባ። እሱም ሄዶ ከበረንዳው ጥግ ምሳሩን አነሣ።

«እኔ ደንዤአለሁ» አለ ምሳሩ። «ቀጥቃጭ ዘንድ ወስደህ አስለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ግንድ ምን አላት!»

ይመኑ ወሰደው። ቀጥቃጩ ግን የእርሻ ወቅት ነበርና ማረሻ ተከምሮበታል። «ተወውና ለገበያ ቀን ናልኝ» አለው። ይመኑም ባዶ እጁን ተመለሰ።

ይህን ጊዜ ጓዳ ውስጥ ሹክሹክታ ሆነ።

«ሊቆርጣት ነው!» አለች ሰፌድ።

«ጥቅሟን ረስቶት ነው» አለ ድስት።

«እንዲያስታውስ እናድርገው» አለ ጋን።

እዚህ ድረስ ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ግን ተጣሉ። ሰፌድ «የእንጆሪ ጥቅሙ ሲደርቅ ነው» አለች። ድስት «ሲፈላ ነው እንጂ» አለ። ጋን «እናንተ ሕፃናት፣ ሲጠጣ ነው!» አለ። ስላልተስማሙ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሊሞክሩ ተለያዩ።

መጀመሪያ ሰፌድ ከተሰቀለችበት ዘላ ወረደች። በበሩ ሥር ሾልካ፣ እየተንከባለለች ወደ ጓሮ ወጣች። «እንጆሪ ሆይ፣ ፍሬሽን አራግፊልኝ!» አለች። እንጆሪዋ አራገፈችላት። ሰፌድም ፍሬውን ይዛ መሬት ላይ፣ ፀሐይ ፊት ተዘረጋች። ብዙም አልቆየች፤ ጉንዳን መጣ። ጉንዳኑ ፍሬውን በልቶ አልበቃው ብሎ መንገዱን ወደ ቤት አደረገ። ይመኑ መደቡ ላይ ጋደም ባለበት እግሩን ነክሶ አስነሣው።

ፍየሏ ከአጥሩ ሥር «አላልኩህም?» አለች። «ቁረጣት፣ አያ ይመኑ! ቁረጣትና ይውጣልህ!»

ቀጥሎ ድስት በደጁ ዞሮ ወደ ጓሮ ወጣ። ፍሬ ተቀበለ፤ ተመልሶ ጉልቻው ላይ ወጣና «እሳት ሆይ፣ በርትተህ ንደድ!» አለ። እሳትም በርትቶ ነደደ። ጠብታ ውሃ የለ፣ የሚያማስል እጅ የለ፤ ፍሬው ከድስቱ ታች ተጣብቆ ከሰለ። ቤቱ በጭስ ተሞላ። ይመኑ እያሳለ፣ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ደጅ ሮጠ።

«አላልኩህም?» አለች ፍየል። «ቁረጣት፣ አያ ይመኑ! ቁረጣትና ይውጣልህ!»

በመጨረሻ ጋን ተነሣ። «ሽማግሌ እያለ ልጅ ይሞክራል?» ብሎ እሱም በደጁ ዞሮ ሆዱን በፍሬ ሞላ፤ ውሃ ጨመረበት፤ አፉን ገጥሞ ተቀመጠ። ውስጡ ግን አልታጠበም፣ አልታጠነም። በበነጋው ያጉረመርም ጀመር። ገበያ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው ክዳኑን ወርውሮ አረፋውን ዘረገፈው። የኮመጠጠው ወለሉን አልፎ እስከ ሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ወረደ። የተዘረጋው ድር ሁሉ ራሰ።

ፍየሏ አሁን እየሳቀች ነበር። «ቁረጣት፣ አያ ይመኑ! ቁረጣትና ይውጣልህ!»

ገበያ ዋለ። ይመኑ ምሳሩን ከቀጥቃጩ ተቀብሎ መጣ። ምሳሩ ያብረቀርቃል፤ «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» ይላል። ይመኑ የጓሮውን በር ገፍቶ ከፈተው። ትርንጎ ከሞተች ወዲህ በዚያ በር ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

እንጆሪዋ አየችው። «አያ ይመኑ» አለች፣ «እሷስ የት ሄደች?»

ይመኑ ምሳሩን አነሣ። ያን ጊዜ ሰፌድ፣ ድስትና ጋን ከቤት ወጥተው ከግንዱ ፊት ተደረደሩ። ሰፌድን ጉንዳን ቀዳዷታል። ድስት ጠቁሯል። ጋን አፉ ዙሪያ አረፋ ደርቆበታል።

«ቤትህን ያበላሸነው እኛ ነን» አሉት። «እሷ ጥፋት የለባትም። ጥቅሟን ልናሳይህ ብለን ነው።»

«ጥቅሟን!» አለ ይመኑ፣ ደሙ ፈልቶ። «ይሄ ነው ጥቅሟ? አንቺ ሰፌድ! ትርንጎ መሬት ላይ አስጥታሽ ታውቃለች? ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋ፣ ዙሪያሽን አመድ ትነሰንስ አልነበረም? ጤዛ ሳይወርድ ታስገባሽ አልነበረም? ፍሬው እንደ ዘቢብ ሲደርቅ ከገብስ ቆሎ ጋር ቀላቅላ ለመንገደኛ ስንቅ ትቋጥር አልነበረም?»

«ነበረ» አለች ሰፌድ።

«አንተ ድስት! በደረቁ ተጥደህ ታውቃለህ? ትንሽ ውሃ ጠብ ታደርግብሃለች፤ እሳቱን ትቀንሳለች፤ ማር ትጨምራለች። ከዚያ ሳታቋርጥ ታማስላለች። ማማሰያው መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይላል። ፍሬው ሲወፍር ድምፁ ይከብዳል፤ ዱብ... ዱብ... ይላል። ያን ጊዜ ነው የምታወርድህ! ልጁን ሳል የያዘው ሁሉ የሚመጣው ለዚያ ነበር እኮ!»

«እውነት ነው» አለ ድስት።

«አንተስ ጋን፣ እንደ ሽማግሌነትህ አታፍርም? በወይራ ጭስ ሳትታጠን? ጭማቂው ሳይጠልል? ጌሾ ሳይገባብህ፣ ማር ሳይገባብህ? እሷ ጆሮዋን ሆድህ ላይ ለጥፋ ‹ገና ነው፣ ገና ያወራል› ትል ነበር። ዝም ስትል ነው የምትከፍትህ።»

ጋን አንገቱን ደፋ።

ድስት ግን ቀና ብሎ «አያ ይመኑ» አለው፣ «ይህን ሁሉ መቼ አየኸው? አንድም ቀን ዞረህ አይተህ አታውቅም።»

ምሳሩ ከይመኑ እጅ ወረደ።

«አላየሁም» አለ። «ሰማሁ እንጂ። ያን ሁሉ ዘመን ጀርባዬን ሰጥቼ ስሸምን፣ የምታደርገውን ለልጆቹ እያስረዳች ስትሠራ እሰማት ነበር። ፍሬው ሰፌድ ላይ ሲንጠባጠብ እሰማለሁ። ሲፈላ እሰማለሁ። መወርወሪያዬን የምወረውረው በማማሰያዋ ልክ ነበር፤ እሷ ስትፈጥን እፈጥናለሁ፣ እሷ ስትዘገይ እዘገያለሁ። ምን ነበረበት አንድ ቀን ዞሬ ባያት!»

ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠ። ልቅሶ ቤት ሰው ፊት ያላለቀሰውን እዚያ አለቀሰው። እንጆሪዋም የት እንደሄደች ገባት። ፍሬዋን በትከሻው ላይ ጠብ ጠብ አደረገችለት።

«እኔስ?» አለ ምሳሩ ከመሬት። «በከንቱ ተሳልኩ?»

«አንተ ማገዶ ትፈልጣለህ» አለው ይመኑ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

ተነሣና እጅጌውን ሰበሰበ። ለቀመ። ጣቱ ጠቆረ፣ መዳፉ ጠቆረ፣ እሱ ግን አላቆመም። ዝቅ ብለው መሬት የነኩትን ቅርንጫፎች መለመለና ለፍየሏ ወረወረላት። ፍየሏ እያኘከች «ለካ ዛፍ ሳይወድቅም ቅጠል ይገኛል!» አለች። አፏ ሞልቶ ነበርና ሌላ ምክር አልሰጠችም።

ይመኑ ሰፌድን በድንጋይ ከፍ አደረጋት፤ አመድ ነሰነሰ። ጋንን አጠበ፤ በወይራ አጠነ። ድስትን ፍቆ ጣደ። ከዚያም ማማሰያውን ይዞ ዓይኑን ጨፈነና በጆሮው ሠራ። ቶሎ ቶሎ አለ። ከበደ። ዱብ... ዱብ... አለ። አወረደው። ቀዝቀዝ ሲል በጣቱ ቀመሰ።

«የእሷን ይመስላል?» አለ ድስት በፍርሃት።

«አይመስልም» አለ ይመኑ። «ትንሽ አምርሬዋለሁ።» ደግሞ ቀመሰ። «ግን ከእሷ ሰፈር ነው።»

ይህን ሲል አጥሩ ተንኳኳ። ጎረቤቱ ደብሪቱ ናት። ከልቅሶው ወዲህ፣ ብቻውን መሆን ይፈልጋል ብላ ደጁን ሳትረግጥ ቆይታ ነበር።

«አያ ይመኑ፣ ምነው ይሄ ሽታ?» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ትርንጎ የተነሣች መስሎኝ ደንግጬ መጣሁ!»

«ግቢ ደብሪቱ፣ ግቢ እህቴ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«አንተ!» እጁን አየች። ሳቋ መጣባት፤ ልትይዘው ሞከረች፣ አልቻለችም። «ያ ‹እጄን ያበላሸዋል› ባዩ ሸማኔ! ትርንጎ ባየችህ!»

«ባየችኝ» አለ ይመኑ። እሱም ሳቀ። እያለቀሰ ሳቀ።

ደብሪቱ ተቀመጠች። እሱ ካበሰለው በሸክላ ጣባ ጨልፎ ሰጣት። እሷ ስለ ትርንጎ አንድ ነገር አነሣች፤ እሱ ሌላ አነሣ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሲያወሩ ዋሉ። በማግስቱ ደብሪቱ ሴቶቹን አስከትላ መጣች። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አስከተሉ። ያ ጓሮ እንደገና ጫጫታ ሆነ። እንደ ድሮው ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ እንደ ድሮው አልነበረም። ግን ሰው ነበረበት።

ይመኑ ወደ ሙሽራዋም ቤት ሄዶ የሆነውን ሳይደብቅ ተናገረ። እናትየው ተቆጣች፤ ከዚያም ታገሠችው። ከሰርጉ በፊት ሌላ ኩታ፣ ከፊተኛው የሚበልጥ ኩታ ሠርቶ አደረሰ። የተዥጎረጎረውን ራሱ ለበሰው። እንጆሪ በሚለቀምበት ወር ይመኑን የፈለገ ሰው ከሩቅ የሚለየው በዚያ ኩታ ነበር። የሸማ ሥራውንም አልተወም፤ ብቻ ጉድጓዱን አዙሮ ቆፈረው። ፊቱን ወደ ጓሮው በር አደረገ።

እናንተም ልጆቼ፣ የምትወዱት ሰው ሲሠራ ጀርባ አትስጡ፤ ዞር ብላችሁ እዩት። ሐዘን ሲከብዳችሁም ምሳር አታንሡ፤ ሰፌድ አንሡ። እኔ ተረቴን አራገፍኩ፤ እናንተ ልቀሙት።

ፍሬ ያልለቀመ፣ ዛፍን ይከሳል።