ክሩን የሚይዝ እጅ

አንድ ነጋዴ ነበረ። ሚስቱን ይወዳታል፤ ግን ሁልጊዜ ይቸኩላል። ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ እንኳ ዓይኑ በሩ ላይ ነው።

ሚስቱ የገና ጾም ሲገባ ለበዓል ስጦታ ሹራብ መሥራት ትጀምራለች፤ ለልጆቹ ሹራብ፣ ለአማቷ የአንገት ልብስ፣ ጎረቤት ላሉት ሽማግሌ የእግር ሹራብ። ክሩ ያን ጊዜ ከገበያ የሚመጣው ሳይጠቀለል፣ እንደ ትልቅ ቀለበት ተዟዙሮ ነበር። አንድ ሰው ቀለበቱን በሁለት እጁ ወጥሮ ካልያዘው ሌላው ሊጠቀልለው አይችልም። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ከሚስቱ ፊት ለፊት በርጩማው ላይ ተቀምጦ እጁን ይዘረጋል። ልጆቹ ማምለጥ እንደማይችል ስለሚያውቁ ጀርባው ላይ ይንጠለጠላሉ።

«አፍንጫዬን በላኝ!» ይላል።

«ይብላህ! ሳምንቱን ሙሉ ስትሮጥ ከርመህ ዛሬ ገና ተያዝክ።»

«ኧረ በማርያም፣ እከኪልኝ!»

«መጀመሪያ እናትህ ምን እንዳለችኝ ስማ።»

ወሬዋን ሳትጨርስ ማከክ ብሎ ነገር የለም። በመሀል ቆሎ ታቀምሰዋለች። አፍንጫውን ባይበላውም በላኝ የሚልበት ቀን ነበር።

አንድ ዓመት ነጋዴው ከከተማ የተጠቀለለ ክር አገኘ። በደስታ እየሮጠ አመጣላት።

«በቃ፣ ከእንግዲህ እኔን መጠበቅ ቀረልሽ» አላት።

አመሰገነችው። እሱም እሑድ ከሰዓት ሱቁን መክፈት ጀመረ። ስጦታዎቹ ከበዓሉ ቀድመው ያልቁ ጀመር፤ ቤቱ ግን ዝም አለ። «ምን ጎደለሽ?» ሲላት «ምንም» ትለዋለች። በሚቀጥለው ዓመት ከፊተኛው የለሰለሰ ክር አመጣላት። አሁንም አመሰገነችው።

በሦስተኛው ዓመት አንድ እሑድ የሱቁን ቁልፍ ረስቶ ከመንገድ ተመለሰ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሚስቱን ድምፅ ሰማ።

«እናትህ ደግሞ ምን አለችኝ መሰለህ…»

እንግዳ መጥቷል ብሎ አጮለቀ። ማንም የለም። ሚስቱ የሱን በርጩማ ገልብጣዋለች። ያን የተጠቀለለ ክር ፈትታ በበርጩማው እግሮች ላይ አዙራዋለች፤ አሁን ከዚያ ላይ እንደገና ትጠቀልለዋለች። የምታወራው ለበርጩማው ነው። ቆሎውም በሰሐን አጠገቧ አለ።

ወለሉ ጮኸና ቀና አለች። እንደ ተያዘ ልጅ ፊቷ ቀላ።

«ክሩ ተወሳስቦብኝ ነው» አለች።

ክሩ አልተወሳሰበም። ነጋዴው ቁልፉን ከመስኮቱ ላይ አነሣ፤ ጥቂት ቆሞ አየውና መልሶ አስቀመጠው። ክሩን ከበርጩማው እግሮች አውልቆ ጭኗ ላይ አኖረላት። በርጩማውን አቃንቶ ተቀመጠበት፤ ሁለት እጁንም ዘረጋ።

«አፍንጫዬን በላኝ» አለ።

«ክሩ እኮ ገና እጅህ ላይ አልገባም!» አለችው። ቢሆንም አከከችለት።

እንግዲህ ልጄ፣ «ለእናቴ ለበዓል ያልላክሁላት ነገር የለም፤ ታዲያ ስደውልላት ድምፅዋ ለምን ይቀዘቅዝብኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ነጋዴው አንቺ ነሽ። የላክሽላት የተጠቀለለ ክር ነው። መልካም ክር ነው፤ እንከን አይወጣለትም። እኔም ሰው አገር ተቀምጬ ስንት ዓመት ለእናቴ እንዲህ ያለውን ክር ስልክላት ኖርኩ። ቤት ሙሉ መጽሐፍ አንብቤ አንዱም ይህን አልነገረኝም። ስመለስ እናቴም በርጩማዋም አልነበሩም። ያንቺ እናት ግን ይኸው ለበርጩማ እያወራች አለች። ምን ይዤ ልሂድ እንዳትይኝ። ባዶ እጅሽን ሂጂ፤ ክሩን እሷ ታመጣዋለች።