በጭራ ሜዳ ዳኛው ጀርባውን የሰጠበት

ከምነግራችሁ ነገር አንዲት ቃል እንኳ ሐሰት ብትገኝበት ይህች የቀረችኝ ዕድሜ ዛሬውኑ ትቆረጥ። የምምለው በሰው ዕድሜ አይደለም፣ በራሴው ነው፤ ቢሆንም ብዙ ስላልቀረችኝ ርካሽ መሐላ ነው እንዳትሉ።

ጭራ ሜዳ የሚባለው ከገደሉ አፋፍ ላይ የተዘረጋው ሰፊ መስክ ነው። በሜዳው ዳር አንድ የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ የተተከለውም ፊቱን ወደ ገደሉ፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ ነው። በየዓመቱ የጥምቀት ታቦት በገባ ማግስት የላይ አምባና የታች አምባ ጎረምሶች በዱላና በትግል ሲገጥሙ፣ ዳኛው እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ባዶ ገደል እያየ ይዳኛል። ግጥሚያውን የሚያስቆመው የፈረስ ጭራ በእሱ እጅ የለም፤ ልጇ ሜዳ ውስጥ ያለ አንዲት እናት ትይዘዋለች። እንግዳ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። የአገሩ ሰው አይስቅም።

ነገሩ የመጣው ከባላምባራስ ሣህሉ ነው ይባላል። በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደሆነ ሽማግሌዎች አይስማሙም፤ ብቻ ጠመንጃ ወደዚህ አገር ገና ሳይገባ ነው። ባላምባራስ ሣህሉ፣ እንደሚነገረው፣ ያየውን ነገር ሁሉ ደረጃ ካልሰጠው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። ማሩን፣ በቅሎውን፣ የደብተራውን ድምፅ፣ የጎረቤቶቹን ውሾች ሳይቀር አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ መድቦ ነበር፤ ሰባተኛ የወጣው ውሻ አፍሮ አገር ለቆ ሄደ ይላሉ፤ እኔም አምናለሁ።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ፍልሚያን ነበርና የፍልሚያን ዓይነት ሁሉ በሦስት ቤት ከፈለው። የሩቅ ያለው ወንጭፍንና ጦርን ነው፤ የክንድ ያለው ዱላን ነው፤ የእቅፍ ያለው ትግልን ነው። በየቤቱም ውስጥ ደግሞ መለየት ጀመረ፤ ጋቢውን በግራ ክንዱ ጠቅልሎ በአንድ እጁ የሚመታውን ደገኛ በሁለት እጁ ከሚያወርደው ቆለኛ፣ በእግሩ ጠልፎ የሚጥለውን ወገብ ይዞ ከሚያነሳው ለይቶ አስቀመጠ። በወሬ አላመነም፤ ሁሉንም አጋጥሞ ነው ያየው። ወንጭፈኛና ጦረኛ ባጋጠመ ቀን የወንጭፉ ድንጋይ ጦሩን አየር ላይ መትቶ ለሁለት ሰበረው፤ ግማሹ ጦር ገደሉን ተሻግሮ በወዲያኛው አገር አንዲት ቆቅ ገደለ፤ በቆቋ ሥጋ የተነሳም ሁለት መንደር ለሰባት ዓመት ተሟገተ። የሩቁ ቤት ሦስተኛ ወጣ። ድንጋዩ ያለቀበት ወንጭፈኛ ገመድ የያዘ ሰው ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም አለ ባላምባራስ።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ አንደኛው ዱላ ነው ወይስ ትግል? የዱላ ሰዎች፣ ታጋይ ሊያቅፈን ሲመጣ በምኑ ነው የሚገባው፣ በግንባሩ ነው? እያሉ ይዘባበታሉ። የትግል ሰዎችም፣ አንዴ ከገባንባችሁ ዱላችሁ ማገዶ ነው እያሉ ይመልሳሉ። ባላምባራስ አርባ ጊዜ አጋጠመ፤ ሃያው ለዱላ፣ ሃያው ለትግል ወጣ። ይህም የሆነው እኩል ያልሆኑ ሰዎች ስላጋጠምኩ ነው አለ፤ አንዱ ጉልበታም፣ አንዱ ያልበላ፣ አንዱ የፈራ። እውነቱ እንዲወጣ በደም፣ በቁመት፣ በልብ እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። እንዲህ ያሉ ደግሞ በአገሩ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የራሱ መንታ ልጆች፣ አንዳርጌና ቢሻው። አንዳርጌ ዱለኛ ነው፤ ዱላውን ሲያሽከረክር ከነፋሱ የተነሳ በጎረቤት አውድማ ጤፉ ከገለባው ይለይ ነበር። ቢሻው ታጋይ ነው፤ ወይፈን አቅፎ ወንዝ ያሻግራል።

እናታቸው ወይዘሮ ውድነሽ ነገሩን ስትሰማ መጥታ ከባሏ ፊት ቆመች።

«ባላምባራስ፣ የሚፈልጉት መልስ ያለው ከሁለቱ ልጆቼ በአንዱ ራስ ውስጥ ነው» አለችው ይባላል። «ሰብረው ሊያዩት ነው?»

«ጭራው በእጄ ነው፤ ምን አስፈራሽ» አላት። «ደም ሳይታይ ዝቅ አደርገዋለሁ።»

የዚያ ዘመን ሥርዓት እንዲህ ነበር። ዳኛው ጭራውን ከፍ አድርጎ እስከያዘ ድረስ ተጋጣሚ አይለቅም፤ ጭራው ሳይወርድ የለቀቀ ሰው ሚስት አይሰጠውም፣ ከማኅበር አይጠጣም፣ ስሙ ከነዘሩ መሳቂያ ይሆናል። ጭራው ሲወርድ ግን የአባቱ ገዳይ ቢሆን እንኳ አይመታውም። ልጆቹም ይህንኑ ጭራ እያዩ ያደጉ ናቸው።

ቀኑ ሲደርስ ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሳ ሜዳው አንድ ክንድ ያህል ሰጠመ ይባላል። ባላምባራስ በድንጋዩ ላይ፣ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ሜዳው አድርጎ ተቀመጠና ጭራውን አነሳ። አንዳርጌ መጀመሪያ የወንድሙን ግራ ክንድ መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር በዳር የቆመው ሁሉ ሰማ። ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር፤ ባላምባራስ ግን ታጋዩ ገና ሳይገባ እንዴት ተሸነፈ ይባላል ብሎ አሰበና ጭራውን ከፍ እንዳደረገ ቆየ። ቢሻው በቀረው ክንዱ ገባ፤ ወንድሙን ወገቡን አቅፎ ከመሬት አነሳው። ያን ጊዜም ባለቀ ነበር። ዳሩ ግን አንዳርጌ አየር ላይ እንዳለ ዱላውን ከመሃል አሳጥሮ ያዘና በብረት የታሰረውን ጫፉን ወደ ወንድሙ ጆሮ ግንድ አዞረ። እንዲህ ያለ አያያዝ ባላምባራስ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ይህ የየትኛው ቤት ነው፣ የክንድ ነው ወይስ የእቅፍ? ከመቀመጫው ብድግ ብሎ አንገቱን አሰገገ።

ወንድማማቾቹ እንደተቃቀፉ ቆሙ። የአንዳርጌ ጀርባ ወደ አባቱ ነበር፣ የቢሻው ፊት ግን ወደ ጭራው ነው። በቅርብ የነበሩ ሰዎች የሰሙት ቃል እስከ ዛሬ ይነገራል።

«ቢሻው፣ አንተ ይታይሃል፤ ጭራው ወርዷል?»

«አልወረደም።»

«እስቲ ደህና አድርገህ እየው።»

«አየሁት። አልወረደም፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያ ምን እናድርግ» አለ አንዳርጌ። «በል ጣለኝ፣ እኔም እመታሃለሁ።»

አንዱ ጣለ፣ አንዱ መታ። አንዳርጌ በማጅራቱ ወድቆ እዚያው ቀረ። ቢሻው ጥቂት ቆሞ የአባቱን እጅ አየና በወንድሙ ላይ ተደፋ፤ እሱም በሦስተኛው ቀን ሞተ። ባላምባራስ ጭራውን ዝቅ ያደረገው ሁለቱም ከወደቁ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ውድነሽ ሰዉን ሰንጥቃ መጣችና ጭራውን ከባሏ ወሰደች። አላለቀሰችም ይባላል።

«የቱ በለጠ፣ ባላምባራስ?» አለችው።

እሱም መለሰ፤ ዝም ማለት ሲችል መለሰ። «እኩል ናቸው» አላት።

እልልታ ብቻ ለምደው የነበሩ የሴቶቹ ጉሮሮዎች የጮኹት ያን ጊዜ ነው።

ልጆቹ ከተቀበሩ በኋላ ባላምባራስ የድንጋዩን መቀመጫ በገዛ እጁ ቆፍሮ ወደ ገደሉ አዞረው። ሌላ ፍልሚያ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ሕዝቡ ከዳኝነቱ አልለቀቀውም፤ እየመጣ ይቀመጣል፣ በጆሮው ሰምቶ ማን እንደወደቀ ይናገራል፣ የቱ ዓይነት እንደበለጠ ግን አይናገርም። ከኋላው ጭራውን የያዘችው ወይዘሮ ውድነሽ ናት፤ ዱላ ከትከሻ በላይ ከተነሳ፣ የታጋይ እግር ከመሬት ከለቀቀ ጭራው ወረደ ማለት ነው። እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ሲኖሩ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ከእሷ በኋላ ሌላ እናት ያዘችው፣ ከዚያች በኋላ ሌላ፤ እስከ ዛሬ እንደዚሁ ነው።

አምና አንድ ነጭ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ ከከተማ መጥቶ ነበር። ካራቴውን፣ ቴኳንዶውን፣ ኪክ ቦክሱን በየደረጃው ካስረዳን በኋላ፣ ከእናንተ ዱላና ትግል ጋር ቢመደብ ቴኳንዶ ስንተኛ ይወጣል ብሎ ዳኛውን ጠየቀ። ዳኛው ፊቱን ከገደሉ አላዞረም።

«እናትህ አለች፣ ልጄ?»

«አለች፣ አባባ።»

«እሷን ይዘሃት ና፤ ጭራውን ትያዝና እንመድበዋለን።»

ጎረምሳው ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

እንግዲህ በሕይወቴ ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ላቃና። ውሻውም እውነት ነው፣ ቆቋም እውነት ናት። ባላምባራስ ጭራውን ዝቅ አደረገ ያልኩት ግን የእኔ ጭማሪ ነው፤ ለአባት አዝኜ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ወይዘሮ ውድነሽ ስትደርስ ጭራው ከፍ እንዳለ ነበር፤ የወሰደችውም ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቃ ነው።