የዕርቅ ሽምብራ

ግራዝማች አስረስ ጋቢያቸውን ያዘገየባቸውን አንድ አፈ ጮሌ ሸማኔ መንጋጋውን በከዘራ መትተው ጥርሱን አንድ ሳያስተርፉ አረገፉት። በሁዳዴ የነፍስ አባታቸው «ካልታረቁት አላቆርብዎትም» ቢሏቸው ጊዜ ሸማኔውን ቤታቸው አስጠርተው፣ በቄሱ ፊት ይቅርታ ጠየቁት። እሱም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አላቸው።

ግራዝማች ቀለል ብሏቸው የተቆላ ሽምብራ በሰፌድ አስቀረቡለት። ሸማኔው አንዷን ፍሬ ከጉንጭ ጉንጭ ሲያንከባልላት ቆየና እንደነበረች መዳፉ ላይ መለሳት።

«አዩልኝ አባ፣ ቂም ይዟል» አሉ ግራዝማች ቱግ ብለው። «ከልቡ ይቅር ቢለኝማ እህሌን ይበላ ነበር። አሁኑኑ ካልበላ ካገሬ ይነቀላል።»

ሸማኔው እጅ ነሳ። «ጌታዬ፣ እኔስ ይቅር ያልኩዎት ከልቤ ነው። ሽምብራ የሚቆረጥመው ግን ልብ አይደለም።»