ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ዳንቴል

አንዲት ሴት ነበረች፤ ድሬዳዋ። ባሏ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ሰንብቶ፣ ተርፎ የተመለሰላት ሴት። ተርፎ ስላችሁ ድኖ ማለቴ አይደለም። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው አንድ ነገር አጥብቆ ነገራት። «ሙቀት ለልቡ ጠላት ነው። የአገራችሁን ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ቤቱን ቀዝቀዝ አድርገሽ ያዢለት።»

እሷም በልቧ ተመስገን አለች። ለምን መሰላችሁ? ልጃቸው ያሠራላቸው ቤት ኤሲ አለው። ያውም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት አይደለም። ከኮርኒሱ በላይ ተቀብሮ ቅዝቃዜውን በቱቦ ለየክፍሉ የሚያከፋፍል ትልቅ ኤሲ ነው። በግንቦት፣ ሌላው ድሬ ውኃ በራሱ ላይ ሲያፈስ፣ እሷ ቤት ነጠላ ይደረብ ነበር። ታዲያ የሐኪሙን ቃል ለመፈጸም ምን ይቸግራታል?

ምንም። ጠያቂ ባይኖር ኖሮ።

ጠያቂ ታውቃላችሁ። ሰው ታሞ ተነሣ ሲባል የቀበሌው ሰው ሁሉ ይመጣል፤ መምጣቱም ደግ ነው። ግን የመጣው ሁሉ ወደ በሽተኛው የሚያልፈው በኮሪደሩ ነው። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ የብረት ፍርግርግ አለ። ሴትዮዋ ሆስፒታል ስትመላለስ የሚጠርገው ጠፍቶ፣ የድሬ አቧራ ተጋግሮበት ጥቁር ብሏል። ጎረቤቷ ወይዘሮ አረጋሽ ሊጠይቁ መጥተው ሲያልፉ ቀና ብለው ፍርግርጉን አዩት። አይተው ዝም አሉ።

ወገኖቼ፣ ከስድብ ሁሉ የሚከፋው ይሄ አይደል? አይቶ ዝም ማለት!

ያን ቀን ሴትዮዋ ምግብ አልበላ አላት። «አሁን ወጥተው ምን ብለው ያወሩልኝ ይሆን? ቤቷን የጣለች ሴት አይሉኝም?» ስትል ዋለች። ፍርግርጉን ፈትቶ ማጠብ ጊዜ ይፈጃል፤ ጠያቂ ደግሞ ነገም ይመጣል። ማታውኑ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ «ጌታዬ፣ ይህን ሰው አትውሰድብኝ» እያለች የሠራችው ዳንቴል ነበራት። ነጭ፣ ዳር ዳሩን አበባ የዞረበት። አውጥታ ፍርግርጉ ላይ ለካችው፤ ልክ ነው። ግን በዳንቴሉ ቀዳዳ ጥቁሩ ይታያል። እንግዲህ ባለሙያ ናትና ከኋላው ወፍራም አቡጀዲ ገበር ሰፋችበት። ከዚያ በአራት ሚስማር ሰቀለችው።

ፍርግርጉ ጠፋ! ኮሪደሩ የሙሽራ ቤት መሰለ። ዳንቴሉ ደግሞ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አለ፤ በካውያ የተተኮሰ ይመስል አንዲት እጥፋት የለበትም።

«አየኸው?» አለችው ባሏን።

ሸዋንግዛው ይባላል ባሏ። ከአልጋው ሆኖ በተከፈተው በር ተመለከተና «እጅሽ ይባረክ» አላት።

በማግስቱ ወይዘሮ አረጋሽ ተመልሰው መጡ። «አቤት ሙያ! እኔስ እንዲህ ያለ እጅ አልታደልኩ» አሉ። ሴትዮዋ ደስ አላት። ለምን ደስ አይላት?

ቤቱ መሞቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

በአንድ ጊዜ አልሞቀም። በአንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ትነቃ ነበር። መጀመሪያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ቀጥሎ ሸዋንግዛው ብርድ ልብሱን በእግሩ ገፋው። ቀጥሎ ግንባሩ ላይ ላብ አየች። ያን ጊዜ ልቧ ስንጥቅ አለ። ግድግዳው ላይ ወዳለችው መቆጣጠሪያ ሄደች። ሃያ አራት ትላለች። ወደ ሃያ ሁለት አወረደቻት። አልቀዘቀዘም። ሃያ አደረገቻት። አሁንም አልቀዘቀዘም። መጨረሻ ላይ ቁጥሯ ከዚያ በታች አልወርድም ብላ አሥራ ስድስት ላይ ቆመች። ሴትዮዋ ግን አሁንም ጣቷን ከመጫን አላነሣችም።

ከኮርኒሱ ጉርምርምታ ይሰማል፤ ማሽኑ ይሠራል። እጇን ወደ ቅዝቃዜው መውጫ ዘርግታ ብትጠብቅ ግን እፍ የሚላት እንኳ የለም። ቆይቶ ከኮርኒሱ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ባልዲ ደቀነችለት። እንቅልፍ አጣች። በየሰዓቱ እየተነሣች አንዴ ቁጥሯን ታያለች፣ አንዴ የባሏን ደረት ታያለች። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል? ይላል። ተመልሳ ትተኛለች። ግን አትተኛም።

ሰው መከረ። አንዱ «ጋዙ አልቋል» አላት። ሌላዋ «ዓይን ነው፤ ቤታችሁን ሰው አይቶት ነው» አለቻት። እኔ ልንገራችሁ፣ ይቺኛዋ ሳታውቅ ወደ እውነቱ ተጠግታ ነበር። የሰው ዓይን ነበረበት ጣጣው፤ ግን እሷ እንደምታስበው አልነበረም።

በመጨረሻ ኤሲ የሚሠራ ሰው ጠራች። ነስረዲን ይባላል፤ ቀልደኛ፣ ረጅም ሰው። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ማሽን ፈታው፣ አጠበው፣ ጋዙን ለካው። ከዚያ ወደ ቤቱ የሚገባውን ቱቦ ነካና እጁን መለስ አደረገ።

«አቦ እናቴ፣ ነይ እዪ! በዚህ ፀሐይ በረዶ!»

እውነትም ቱቦው ነጭ በረዶ ለብሷል። ሴትዮዋ ፊቷ በራ። «በረዶ ከሠራማ ደህና ነው ማለት ነዋ!»

ነስረዲን ሳቀ። «ወላሂ የለም። ቅዝቃዜው ውስጥ ታስሮ ነው በረዶ የሠራው። ጋዙ ሙሉ ነው፣ የጎደለው አየር ነው። ማሽኑ ከቤት ውስጥ አየር የሚስብበት ትልቅ ፍርግርግ ይኖራል። የት ነው? አንዴ ልየው።»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሰውዬው መድኃኒቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ወይዘሮ አረጋሽና ሌሎች ጠያቂዎች ተቀምጠዋል። ዳንቴሉ በእነሱ ፊት ሊነሣ ነው። ከሥሩ ያ ጥቁር አቧራ ሊወጣ ነው። ሴትዮዋ ምን ያለች ይመስላችኋል?

«እሱ ንጹሕ ነው» አለችው። «እኔው ራሴ ነኝ የማጸዳው።»

«እሺ እናቴ፣ ግን ልየው። ሁለት ደቂቃ ነው።»

«በሽተኛ ተኝቷል ልጄ። ሌላ ቀን።»

ነስረዲን ምን ያድርግ? ሰው ቤት በግድ አይገባ። «እንግዲያው አጥፊውና በረዶው ይቅለጥ» ብሏት ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ኧረ ተዉ፣ አትፍረዱባት! ባሏን ትወደዋለች። ሐኪም ያለውን ታደርጋለች፣ እንቅልፏን ከፍላለች፣ ባልዲ ደቅናለች። ለእሱ ያላደረገችው ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ አልሆንላት አለ፤ ያንን ጨርቅ በሰው ፊት ማንሣት።

ኤሲውን አጠፋች፤ ጠያቂዎቹም ተነሥተው ሄዱ። ቀትር አለፈ። መስኮት ብትከፍት ከውጭ የሚገባው አየር የምድጃ ወላፈን ነው። ብትዘጋው ቤቱ ይታፈናል። ሸዋንግዛው ፊቱ አመድ መሰለ። ከንፈሩ ደረቀ። ሲናገር ቃሉን ሳይጨርስ ማረፍ ጀመረ።

«አየር...» አላት። «አየር አጠረኝ።»

ፈራች። ለወይዘሮ አረጋሽ ደወለች። «መኪና ፈልጉልኝ! ሸዋንግዛው ሊያመልጠኝ ነው!» ሮጣ ኤሲውን መልሳ ከፈተች። ሮጣ ነጠላዋን ውኃ ውስጥ ነክራ ግንባሩ ላይ ጣል አደረገችለት። ዞር ብላ ጫማውን ስትፈልግ እርጥቡ ነጠላ ተንሸራቶ አፉንና አፍንጫውን ሸፈነው። ሰውዬው አየር ልስብ ሲል ጨርቁ ወደ ውስጥ ተሳበና ፊቱ ላይ ልጥፍ አለ። እጁን አነሣ፤ አቅም ግን አልነበረውም።

ዞር ስትል አየችው። ነጠላውን መንትፋ ጣለች።

«ወይኔ! አፈንኩህ! በገዛ እጄ አፈንኩህ!»

ሸዋንግዛው በረጅሙ ሳበ። ሳለ። ተነፈሰ። እሷ እንደ ደነገጠች፣ እንደ ቆመች፣ ከኮርኒሱ ጉርምርምታ ተሰማ፤ ማሽኑ ተነሣ። ቀና ስትል በበሩ በኩል ዳንቴሉን አየችው። ልቅቅ ብሎ የተንጠለጠለው ጨርቅ ወደ ውስጥ ተሳበና ግድግዳው ላይ ልጥፍ አለ። እንዲያ እጥፋት የሌለው ሆኖ ሲያምር ይኸው ስንት ቀኑ! ስትኮራበት የኖረችው ለካ ቤቱ አየር ሲያጥረው ነው።

ሮጠች። መሰላል አልፈለገችም፣ ሚስማር አልነቀለችም። በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው፤ ከነልስኑ ወረደ። ፍርግርጉን ከፈተችው። ከኋላው ያለው ማጣሪያ በአቧራ ድፍን ብሎ ለምድ መስሏል። ስባ አወጣችው። ያን ጊዜ ነፋስ ሽው ብሎ በጆሮዋ አጠገብ አልፎ ወደ ግድግዳው ገባ።

ወይዘሮ አረጋሽ መኪና ይዘው ሲደርሱ ያገኟት እንዲህ ነው። ፀጉሯ አቧራ፣ ፊቷ አቧራ፣ ወለሉ አቧራ፣ ፍርግርጉ አፉን ከፍቶ።

«አንቺ! ምን ሆነሽ ነው?»

«እትዬ፣ በእርስዎ ምክንያት ባሌን ልገድለው ነበር!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። «ያን ቀን ቆሻሻውን አይተው ዝም ሲሉኝ ጊዜ ሸፈንኩት።»

ወይዘሮ አረጋሽ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «እኔ? በሞትኩት! እኔ ዝም ያልኩት የራሴ ቤት ኮርኒስ የሸረሪት ድር ትዝ ብሎኝ ነው እኮ! አንቺ ልትጠይቂኝ ስትመጪ እንዳታዪብኝ ቤቴ ሄጄ የዚያን ክፍል በር ዘጋሁት።»

ሸዋንግዛውን ይዘው ከነፉ። ሐኪሞቹ ኦክስጅን አደረጉለት፣ አደሩበት፣ ልቡም ተረጋጋ። ነስረዲን በማግስቱ ተጠርቶ መጣና ማጣሪያውን አጥቦ መለሰው፤ በተናገረው ጊዜ ልክ ሁለት ደቂቃ ባይሆንም ብዙ አልፈጀበትም። ሸዋንግዛው ከሆስፒታል ሲመለስ ቤቱ ነጠላ ያስደርብ ነበር። ተኝቶ በበሩ ሲያይ ግድግዳው ባዶ ሆነበት።

«ዳንቴሉስ?»

«ጠረጴዛው ላይ ነው» አለችው። «እዚያ ያምራል።»

ወገኖቼ፣ ታሪኩ አለቀ። ጭንቀቱ ግን የእሷ ብቻ መስሏችሁ እንዳትሄዱ።

ስንቶቻችሁ ናችሁ አሁን ቁጥር በማውረድ ላይ ያላችሁ? ቤታችሁ ሞቋል። ባልና ሚስት ከተነጋገራችሁ ቆይቷል። ልጃችሁ ከክፍሉ አይወጣም። ጸሎታችሁ ደርቋል። እና ምን ታደርጋላችሁ? ቁጥሩን ታወርዳላችሁ! ጸሎት ትጨምራላችሁ፣ ስእለት ትጨምራላችሁ፣ በጉባኤው ከፊት ትቀመጣላችሁ። አሥራ ስድስት ደርሳችኋል። እኔ ከዚህ ቆሜ አያችኋለሁ፣ ጣታችሁ አሁንም እየተጫነ ነው። ውስጣችሁ በረዶ ሠርቷል፣ ቤታችሁ ግን እሳት ነው።

ጸጋው አላለቀም። ጋዙ ሙሉ ነው! የተዘጋው መተንፈሻው ነው።

የቱ ላይ ነው የሰቀላችሁት? የሚያምረውን፣ ሰው ሁሉ «አቤት!» የሚልላችሁን፣ በእንባ የሠራችሁትን? ዳንቴሉ ኃጢአት የለበትም። ደግሞም እውነተኛ ጸሎት ነበረበት። የተሰቀለበት ቦታ ነው ሊገድል የደረሰው። አንዱ ልጁ ሱስ እንደያዘው ደብቆ በልጁ ዲግሪ ፎቶ ሸፍኖታል። አንዷ ከእህቷ ጋር ያላትን ቂም በአገልግሎት ሸፍናዋለች፤ ገበርም ሰፍታበታለች። እኔንም እንዳትረሱኝ፣ ሰባኪም ዳንቴል ይሠራል!

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አሉ። እናንተ ግን መድኃኒተኛውን ንጹሕ ነው ብላችሁ ከደጅ ትመልሱታላችሁ። ለማን ብላችሁ? ለወይዘሮ አረጋሽ? ኧረ እሳቸው የራሳቸውን ሸረሪት ድር ሲያስቡ ነው የሚያድሩት!

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አልጋው ላይ የተኛው ማን እንደሆነ እዩ። ሚስት ናት? ልጅ ነው? የገዛ ነፍሳችሁ ናት? ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል? ይላል፣ ገና ይላል። እንግዲህ ያ መድኃኒቱን የያዘው ሰው ደጃፋችሁ ላይ ቆሟል። አልተቆጣም። «አንዴ ልየው፣ ሁለት ደቂቃ ነው» ይላችኋል።

ሌላ ቀን ልትሉት ነው?